«ያመለጠ መርፌ» ምንድን ነው? ዕዳስ ነው እንዴ?

«ጠዋት ከረሳችሁት ማታ መጠኑን አንድ እጥፍ ተኩል አድርጋችሁ ውጉላት፤ ይካካሳል።» የስኳር በሽታ ያለባት ድመት ለሚያሳድጉ ሰዎች ይህ ምክር አንድ ጊዜ ቢሰጥ በዝምታ ይታለፍ ነበር። ሲደጋገም ግን ዝም ማለት ይከብዳል። መካሪው ቅን ሰው መሆኑ አይካድም፤ ችግሩ ያመለጠ የኢንሱሊን መርፌን ወለድ እንደሚቆጥር ብድር ማሰቡ ነው።

ሰዓቱ ያለፈ መርፌ ሁሉ አመለጠ አይባልም። የዘገየውን ካመለጠው የሚለየው እስከሚቀጥለው መርፌ የቀረው ጊዜ ነው። አሁን ብትወጉት፣ የሚቀጥለው ሲደርስ ገና በኃይል እየሠራ ከሆነ፣ ያ መርፌ አምልጧል። ተዉት።

እያንዳንዱን መርፌ 12 ሰዓት ገደማ እንደሚነድ ሻማ አስቡት። ትናንት ማታ ሻማው ሳይለኮስ ቀርቶ ቤቱ ጨልሞ አደረ እንበል። ዛሬ ሁለት ሻማ ቢበራ የትናንቱን ጨለማ አይገፈውም፤ ዛሬን ብቻ ከልክ በላይ ያነደዋል። ያለፈው ሻማ ጉቶ እየነደደ ሌላ መለኮስም ያው ነው፤ መደራረብ የምንለው ይህንን ነው። ሻማውም ዓይነት አለው። ሌንቴ የሚባለው ኢንሱሊን ቶሎ ፈክቶ ቶሎ የሚወርድ ነው፤ ድመት ላይ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ግላርጂን ግን ከቆዳ ሥር ደቃቅ ፍሬ ሆኖ ይረጋና ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ዝግ ብሎ ይነድዳል፤ ጅራቱም ረዘም ይላል። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ ብርሃን ቢበዛ ዓይን ይጨናበሳል እንጂ ሰው አይሞትም። ኢንሱሊን ሲበዛ ግን አልቆ የሚያድረው የድመቷ የደም ስኳር ነው፤ አንጎሏ ደግሞ ያለ ስኳር አይሠራም።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። መርፌዋ ጠዋት 1 እና ማታ 1 ሰዓት ነው እንበል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትዝ ካላችሁ ምግቧን ሰጥታችሁ ሙሉውን መጠን ውጉ፤ የማታው እዚያው 1 ሰዓት ላይ ይቆይ። 3 ሰዓት ላይ ከሆነም ይወጋል፤ ግን የማታውን 2 ተኩል፣ የማግስቱን ጠዋት 2፣ ማታውን 1 ተኩል፣ ከዚያ ጠዋት 1 እያላችሁ በግማሽ ግማሽ ሰዓት ወደ ቦታው መልሱት። ቀን 8 ሰዓት ላይ ትዝ ካላችሁ ግን ለማታው የቀረው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ዝለሉት። ማታ በተለመደው ሰዓት የተለመደው መጠን ይሰጣል፤ ጠብታም አይጨመርበት። አከራካሪው መሀሉ ነው፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለው። ቤቱ የስኳር መለኪያ የሌለው ሰው ቢዘለው ይሻለዋል። መለኪያ ያለውና ሐኪሙ አስቀድሞ ዕቅድ የጻፈለት፣ በዕቅዱ መሠረት ወግቶ የሚቀጥለውን ከዚያ 12 ሰዓት ቆጥሮ ማዞር ይችላል። «ግማሹን ልውጋላት» የሚለውም ያለ መለኪያ ግምት ነው።

አንድ መርፌ ሲዘለል የደም ስኳሯ ከፍ ይላል፣ ውኃ ታበዛለች፣ የምትሸናበት አሸዋ ከወትሮው የበለጠ ይረጥባል። ደህና የምትበላን ድመት ይህ በአንድ ቀን አይገድላትም። መደራረብ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ማዘግየትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ሰዎች ማስቀደምን እንዴት በቀላሉ እንደሚያዩት ደግሞ ይገርማል። ማምሻውን ጉዳይ ስላለኝ ብሎ የ1 ሰዓቱን መርፌ ከቀኑ 10 ሰዓት መውጋት ጉቶው ሳይጠፋ ሌላ መለኮስ ነው። ሦስት ሰዓት ማስቀደም ሦስት ሰዓት ከማዘግየት ይከፋል።

የዘለላችሁ ዕለት ማታ ብትለኩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ኢንሱሊን ሳታገኝ የዋለች ድመት ስኳር ካልወጣ ምን ሊሆን ነው? ያ ቁጥር መጠን ለመጨመር ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ የሚያሳስበው፣ መርፌ ተዘልሎም ስኳሩ ዝቅ እንዳለ ሲገኝ ነው። አንዳንድ ድመት ከጊዜ በኋላ ኢንሱሊን ሳያስፈልጋት ትቀራለችና፣ ሳትወጉ ሐኪሙን ጠይቁ።

የፈሰሰ መርፌም አለ። ቆዳዋን ቆንጥጣችሁ አንስታችሁ ስትወጉ መርፌው በወዲያኛው በኩል ይወጣና ኢንሱሊኑ ጠጉሯ ላይ ይቀራል። በጣት ሲዳስሱት ይረጥባል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ምን ያህሉ እንደገባ ማወቂያ ስለሌለ እንደተወጋች ቁጠሩት፤ አትድገሙ። በነገራችን ላይ፣ መጠኑን በትክክል ሰጥቻለሁ የሚል ሁሉ ሲሪንጁን ይይ። ዩ-100 ኢንሱሊን (በሚሊሊትር 100 ዩኒት ያለው) በዩ-40 ሲሪንጅ (በሚሊሊትር 40 ዩኒት ላለው በተሠራው) ከተቀዳ ድመቷ የምትወስደው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ይህን የሚያህል ስህተት ማንም መርፌ በመርሳት አይሠራም።

ድመቷ ስላልበላች ወይም ስላስመለሳት ሳትወጋ ከቀረች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ድመቷ ታማለች፤ የሰዓት ሒሳቡ እዚህ አይሠራም። ያኔ ይሰጥ፣ ይቀነስ ወይስ ይተው የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። በተከታታይ ሁለት መርፌ አልፏት ከፈዘዘች፣ ምግብ እንቢ ካለች ወይም ካስመለሳት፣ ደሟ በኬቶን (ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ እያቃጠለ በሚያመነጨው አሲድ) እየተመረዘ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ።

በስህተት ሁለት ጊዜ ከተወጋች ወዲያው አብሏት፣ ሐኪሙ ጋ ደውሉ፣ መለኪያ ካለ በየሰዓቱ ለኩ፤ ደህና መስላ ብትታይም ምልክት አትጠብቁ። ከ60 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ፣ ወይም ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ድንገት እንደ እብድ ከራባት፣ ማር ወይም በደንብ የበዛበት የስኳር ብጥብጥ ድዷ ላይ ቀቡና ይዛችኋት ሂዱ። እየተንዘፈዘፈች ከሆነ ግን ጣታችሁን ጥርሷ መሀል አታስገቡ፤ አፏ ውስጥ ፈሳሽ አታፍስሱ።

ድርብ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ወግተሃታል?» «አይ፣ አንቺ መስለሽኝ» ከሚባባሉ ሁለት ሰዎች ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ ምልክቱ የሚደረገው ሲሪንጁ ሲቀዳ ሳይሆን መርፌው ከቆዳዋ ሲወጣ ነው። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ፣ መወጋት አለመወጋቷን የሚያስታውስ ከጠፋ፣ እንደተወጋች ቁጠሩት።