ዘግይቶ የሚመጣ ፍላጎት ምንድን ነው?

አንዲት ሴት ባሏን ትወዳለች፤ ሲያቅፋት፣ ሲስማት ደስ ይላታል። ግን ወሲብ ራሷ አምሯት የጀመረችበት ቀን ትዝ አይላትም። «ስሜት የላትም» ይባላል። አላት እኮ!

ድሮ የሚታሰበው መጀመሪያ ፍላጎት ይመጣል፣ ከዚያ ሰውነት ይነሳሳል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ የምትሠራው ሐኪም ሮዝሜሪ ባሰን ለብዙ ሴቶች፣ በተለይ አብረው ለቆዩ ጥንዶች፣ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ እንደሚችል ጻፈች። መነሻው መቀራረብን መፈለግ ነው፤ ሰውነት በንክኪ ይነቃል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይከተላል። በሽታ አይደለም።

ሆርሞን እዚህ ምን ይሠራል? ኢስትሮጅን የብልትን እርጥበትና የደም ዝውውር ይጠብቃል። የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስቴሮንም በሴት ሰውነት ውስጥ በትንሹ አለ። እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ስሜታቸው ከፍ የሚል ሴቶች አሉ። የምታጠባ እናት ደግሞ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲኗ፣ ይጨምራል፣ ኢስትሮጅኗ ይወርዳል፤ የብልት ድርቀትና ሕመም የሚመጣው ለዚህ ነው። ባል ግን «ጠላችኝ» ብሎ ይደመድማል፣ እሷም ራሷን ትወቅሳለች፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሆርሞኑ ተስተካክሎም ቢሆን አእምሮ ፍሬን ይይዛል። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ቤት ገብታ፣ እራት ሠርታ፣ ልጆቹን አስተኝታ፣ ድምፅ በሚያሳልፈው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ጎረቤት ይሰማናል እያለች የምትጨነቅ ሴት ሰውነቷ በአንዴ ዘና አይልም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን አለመተማመን ነው። «አመመኝ» ስትለው «ትንሽ ቻይው» ካላት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሲጠጋት ጡንቻዋ ይኮማተራል። «ዛሬ ይቅር» ስትለው አኩርፎ ጀርባውን ከሰጣት፣ ነገ እቅፉንም ትሸሻለች፤ እቅፉ ወዴት እንደሚያመራ ታውቃለቻ! እምቢታዋን ሳያኮርፍ የሚቀበል ባል ጋ ግን ዘና ብላ ትቀርባለች። ኦክሲቶሲን «የፍቅር ሆርሞን» ይባላል፤ በመተቃቀፍና በእርካታ ጊዜ ይመነጫል፣ መቀራረብንም ያግዛል፤ የተሰበረ እምነትን ግን ብቻውን አይጠግንም።

አንድ ነገር ይሰመርበት። «እንግዲያው ብገፋፋት ይመጣላታል» የሚል ሰው ነገሩ አልገባውም። ሰውነት ሳይፈልግም ሊረጥብ ይችላል፤ ፈቃድ በአፍ የሚነገር ነው።

ሕመም ካለሽ ዝም አትበይ፤ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ለድርቀቱ ፋርማሲ ውስጥ ማለስለሻ ጄል አለ። ስሜትሽ የጠፋው የእርግዝና መከላከያ ወይም የድብርት መድኃኒት ከጀመርሽ ወዲህ ከሆነ፣ ያንንም ለሐኪሙ ንገሪው። አንዳንዱ መድኃኒት ስሜትን ይቀንሳል፣ ሊቀየርም ይችላል። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው።