መልቲሳይት ላይ አካውንት ስለማንቃት በተለምዶ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ብዙ ሳይቶችን ሲያስተዳድር መልቲሳይት ይባላል። ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ ያው ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ተመዘገብኩ፣ ግን መግባት አልቻልኩም።»

«ፎርሙን ሞልቻለሁ፣ ስለዚህ አካውንት አለኝ።»
ገና የላችሁም። መረጃው መጀመሪያ የሚቀመጠው ለብቻው ባለ የምዝገባ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ተጠቃሚው፣ ሳይት ጠይቆ ከሆነም ሳይቱ፣ የሚፈጠሩት በኢሜይል የተላከው ሊንክ ሲከፈት ነው። አድሚኑ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጎ የሚያጣውም ለዚህ ነው። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ደጋግሞ መጫንም ከንቱ ድካም ነው፤ ያልተፈጠረ አካውንት ፓስወርድ የለውም።

«ኢሜይሉ ካልመጣ ምዝገባው ተበላሽቷል።»
አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባው ደህና ነው፣ መንገድ ላይ የቀረው ኢሜይሉ ነው። መጀመሪያ ስፓም ፎልደር ይታይ። ዎርድፕረስ ሌላ ነገር ካልተነገረው በስተቀር ኢሜይል የሚልከው በራሱ ሰርቨር ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) በኩል ነው፤ የዶሜይኑ ኤስፒኤፍና ዲኪም (ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ መምጣቱን ተቀባዩ የሚያጣራባቸው ቅንብሮች) ካልተስተካከሉ ደግሞ ተቀባዩ ስፓም ውስጥ ይከተዋል ወይም ጭራሹን አይቀበለውም። እባካችሁ፣ ምዝገባ ለሕዝብ ከመክፈታችሁ በፊት ኤስኤምቲፒ (በኢሜይል ሰርቨር በኩል መላኪያውን መንገድ) አስተካክሉና በተለያዩ የኢሜይል አድራሻዎች ራሳችሁ ተመዝግባችሁ ሞክሩት። ሰው ገና ከበሩ ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ ያሳዝናል።

«እንደገና ብመዘገብ ይስተካከላል።»
ወዲያው አይሆንም። ያልነቃ የተጠቃሚ ስምና ኢሜይል ለ2 ቀን ተይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ስትሞክሩ የድሮው ጥያቄ ይሰረዝና ያልፋል።

«ያለ ማረጋገጫ ሊንክ ማንም ሊገባ አይችልም።»
ሱፐር አድሚን፣ ማለትም የኔትወርኩ (የሳይቶቹ ሁሉ ስብስብ) አስተዳዳሪ፣ ያለ ሊንኩ ሰው ማስገባት ይችላል። ከኔትወርክ ገጹ ተጠቃሚ ሲጨምር አካውንቱ እዚያው ይፈጠራል፤ ለሰውየው የሚላከው ፓስወርድ ማውጫ ሊንክ ብቻ ነው። ከአንዱ ሳይት ሆኖ ሲጨምርም የማረጋገጫ ኢሜይሉን የሚያስቀር ምርጫ አለው፤ ተራው የሳይት አድሚን ግን ይህን ምርጫ አያገኝም።

«ሳይቱ ካልተከፈተ አልነቃም ማለት ነው።»
ሰብዶሜይን (በዋናው አድራሻ ፊት የሚጨመር የሳይት ስም) የምትጠቀሙ ከሆነ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም አድራሻን ከሰርቨር ጋር የሚያገናኘውን ሥርዓት፣ እዩ። ሰብዶሜይኖችን ሁሉ ባንዴ የሚይዝ፣ የኮከብ ምልክት ያለበት ዋይልድካርድ መዝገብ ከሌለ ሳይቱ ዳታቤዝ ውስጥ ተፈጥሮም አድራሻው ሰርቨሩን አያገኘውም። ብሮውዘሩ ስለ ደኅንነት ካስጠነቀቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱ አዲሱን ሰብዶሜይን አይሸፍንም ማለት ነው። ሳይቱን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ለሁለቱም መፍትሔ አይሆንም።

«ለየሳይቱ አዲስ አካውንት ያስፈልጋል።»
አያስፈልግም። ተጠቃሚው በኔትወርኩ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው በየሳይቱ የሚሰጠው ሥልጣን ነው፣ አንዱ ላይ አድሚን ሌላው ላይ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል።