የኩላሊት ካንሰር እንዴት ይታወቃል?

ኩላሊት ከሆድ ዕቃ ጀርባ፣ በስብ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አካል ነው። ዙሪያው ልል ስለሆነ እዚያ የበቀለ ዕጢ ማንንም ሳያሳምም ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። እኛ ዘንድ ወገቡን የቆረጠመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕመሙ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። ካንሰሩ የሚያሳምመው ብዙውን ጊዜ ከገፋ በኋላ ነው።

በሕክምና ትምህርት የቆዩ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የጎን ሕመምና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት። ሦስቱ አብረው የሚታዩት ከ10 ታማሚዎች አንድ በማይሞላው ላይ ነው፤ ያኔም በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሰድዷል። ከሦስቱ ትልቁን ትኩረት የሚሻው ደሙ ነው። ያለ ሕመም ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ሽንቱን አቅልቶ በራሱ ይጠፋል። ሰውዬው «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም የወሰደው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያዳነው ይመስለዋል፤ ከወራት በኋላ ደሙ ይመለሳል። እርግጥ የሽንት ደም መንስኤው ብዙ ነው፦ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ቢልሃርዝያ። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንትም ይቀላል። ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ የታየ ደም ያለ ምርመራ መታለፍ የለበትም።

ሌሎች ምልክቶች ከኩላሊት ጋር የሚያያዙ አይመስሉም። ዕጢው ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛ ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል፤ በሌላው ታማሚ ደግሞ ደም ማነስ፣ የካልሲየም መጨመር፣ የማይለቅ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ይታያል። በአዋቂ ወንድ በግራ የዘር ፍሬ ዙሪያ ደም ሥሮች በድንገት አብጠው ሲተኛም ካልጎደሉ ኩላሊቱ መታየት አለበት፤ የግራው ደም መልስ የሚፈስሰው ወደ ኩላሊት ደም መልስ ነውና፣ ዕጢ ከዘጋው ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። በሕፃናት ላይ የሚወጣው በጀርመናዊው ሐኪም ማክስ ዊልምስ ስም የሚጠራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ እናት ልጇን ስታጥብ ሆዱ ላይ የምታገኘው እብጠት ነው።

ዛሬ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን በተስፋፋባቸው አገሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኩላሊት ካንሰሮች የሚገኙት ሳይፈለጉ ነው። ለሐሞት ጠጠር የተነሣ አልትራሳውንድ ኩላሊት ላይ ያለ ነገር ያሳያል። አልትራሳውንዱ ውሃ የቋጠረ ከረጢትን ከጠጣር ዕጢ ይለያል፤ ተራ የውሃ ከረጢት በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚገኝና የማያሰጋ ነው። ጠጣር ከሆነ ሲቲ ስካን ይከተላል፦ ማቅለሚያ በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ የተነሡት ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ ማቅለሚያውን ስቦ የደመቀው ዕጢ ያጠራጥራል። ግድግዳው የወፈረ ከረጢት የሚመደበው አሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ሞርተን ቦስኒያክ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ ነው። ከ4 ሴንቲ ሜትር ካነሱ ጠጣር ዕጢዎች ከ5 አንዱ ገደማ ካንሰር አይደለም፤ ምስል ብቻውን ሁሌ ስለማይለየው አንዳንዴ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።

ለጤነኛ ሰው ሁሉ የሚመከር ቅድመ ምርመራ የለም፤ በሽታውን አስቀድሞ የሚያሳይ አስተማማኝ የደም ምርመራም እስካሁን አልተገኘም። ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ከልክ በላይ የወፈሩና የደም ግፊት ያለባቸው የበለጠ ይጋለጣሉ። ለዓመታት የኩላሊት እጥበት ላይ የቆዩና ቮን ሂፐል ሊንዳው የተባለው የዘር በሽታ ያለባቸው ቤተሰቦች ግን ልዩ ክትትል ያሻቸዋል። እነዚህ ቤተሰቦች ክትትሉን ከልጅነት ይጀምራሉ፤ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ሲገኝ ሐኪሙ እሱን ብቻ ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን ኩላሊት ያተርፋል።