ለብቻ ነጥሎ ማሰር ምንድን ነው?

አንድ እስረኛ በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሰው ጋር የረባ ግንኙነት ሳይኖረው ሲቆይ ለብቻው ተነጥሎ ታስሯል ይባላል። ይህ በተከታታይ ከ15 ቀን ካለፈ የተራዘመ ይባላል፤ የተራዘመውና ማብቂያው ያልተነገረው ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ናቸው። ይህን ያስቀመጡት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ናቸው፤ ቁጥር 43ን እና 44ን ይመልከቱ። (ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ሊታሰሩ ጥቂት ሲቀራቸው የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ያኔ የከተማው ዳር በነበረችው ኮልፌ ነው።)

ብዙ ሰው ነገሩን ከጨለማ ቤት ጋር አንድ ያደርገዋል። ጨለማ ክፍል ራሱን የቻለ ክልከላ ነው፤ ሌት ተቀን መብራት የማይጠፋበት ክፍልም እንዲሁ። ለብቻ መነጠል ግን ንጹሕ፣ ብርሃን ያለው፣ ፍራሽ የተነጠፈበት ክፍል ውስጥም ይፈጸማል። የሚለካው በክፍሉ ሳይሆን እስረኛው ከማን ጋር ስንት ሰዓት ተነጋገረ በሚለው ነው። በበር ቀዳዳ ምግብ መቀበል፣ ለቆጠራ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት፣ እጅ በካቴና ታስሮ ወደ ሐኪም መሄድ አይቆጠሩም። ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ፊት ለፊት፣ ያለ ግርዶሽ፣ ከአፍታ ያለፈ ንግግርን ነው።

በዚህ መለኪያ ስንቅን እንየው። ቃሊቲ ወይም ቂሊንጦ ዘመድ ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ስንቅ መግባቱና ጠያቂ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠያቂ ተከልክሎ ስንቁ ብቻ ቢገባ፣ ባዶ ተመልሶ የሚወጣው ሰሃን ምግቡ መበላቱን እንጂ ሰውየው ከሰው መገናኘቱን አይነግርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ ከታሳሪው ጋር እንዲገናኙና እንዲጠይቁት የደነገገው ስንቅ ማቀበልን ብቻ አስቦ አይደለም።

15 ቀን ከየት መጣ? በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር የነበሩት ሁዋን ሜንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት ሪፖርት፣ ከዚህ ጊዜ በኋላ አንዳንዱ የአእምሮ ጉዳት ላይመለስ ይችላል በሚል ወሰኑን እዚህ ላይ አደረገው። ጉዳቱ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንጋጤ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ራስን መቁረጥ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ እስር ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በተደረገ ጥናት፣ ለብቻ የታሰሩት ከገቢው እስረኛ 7.3 በመቶ ብቻ ሆነው፣ ራስን ከመጉዳት ድርጊቶች ግን 53.3 በመቶው የእነሱ ነበር።

ይህ ከረጅም እስራት ጋር የሚገናኘው በአመክሮ በኩል ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ጽኑ እስራት ከዕድሜ ልክ በቀር እስከ 25 ዓመት ነው። አንቀጽ 202 ደግሞ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ሊለቀቅ እንደሚችል ይላል። 25 ዓመት የተፈረደበት በ16 ዓመት ከ8 ወር ተስፋ አለው ማለት ነው። እንግዲህ ለብቻው የተነጠለ ሰው አእምሮው ሲናወጥ በር ይደበድባል፣ ይጮኻል፣ ጠባቂ ይሳደባል፤ ይህ የዲሲፕሊን ጥፋት ሆኖ ይመዘገብና አመክሮው ይበላሻል። የሰውየው ዓመታት በዚህ መንገድ ሲረዝሙ አንድም ችሎት አልተሰየመም። ለእኔ ከሁሉ የከፋው የሥነ ምግባር ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ ዳኛው የፈረደው ነጻነትን ማጣት ነው፤ መነጠሉን የጨመረው አስተዳደሩ ነው።

ደንቡ በወረቀት ላይ ቢኖርም የሚታለፍበት መንገድ አይጠፋም። አንዱ ቆጠራውን ማቋረጥ ነው፤ በ14ኛው ቀን አውጥቶ በማግስቱ መመለስ። ሌላው «ለራሱ ደኅንነት» ብሎ ስሙን መቀየር። ሦስተኛው ግምገማውን ማኅተም ብቻ ማድረግ ነው፦ በአሜሪካ ሉዊዚያና አልበርት ዉድፎክስ ከ40 ዓመት በላይ ለብቻው ሲታሰር በየ90 ቀኑ ይገመገም ነበር፤ የሚጻፈው ምክንያት ግን የመጀመሪያው ራሱ ነበር። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

አደገኛ እስረኛ የለም ማለት ግን አይደለም። ሌላውን የሚወጋ ሰው ከሌሎች መለየት አለበት፤ ጠያቂው፣ የውጭ አየሩ፣ መጽሐፉና ሥራው ግን አብረው የሚቋረጡበት ምክንያት የለም። ደንቡ የሚፈቅደው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜና ገለልተኛ አካል እያየው ነው። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ መነጠሉ የሚያባብሰው የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ጨርሶ አይነጠሉም። የተነጠለውን ሰው ሐኪም በየቀኑ ሊያየው ይገባል፤ «ቅጣቱን ይችላል» ብሎ መፈረም ግን የሐኪም ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ዘመድ ወይም ጠበቃ በር ላይ «አሁን መጠየቅ አይቻልም» ሲባል የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ከየትኛው ቀን ጀምሮ? በማን ትእዛዝ፣ በጽሑፍ ነው? የሚያበቃው መቼ ነው? ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ ነው? መልሱን ከነቀኑ መጻፍ ነው፤ አቤቱታ ሲቀርብ 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።