ፈጣን ሌንስ ምንድን ነው? ሬንጅፋይንደር ላይስ ለምን ይፈትናል?

ፈጣን ሌንስ ማለት ቀዳዳው ሰፊ የሆነ፣ ባንዴ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። ብርሃኑ ሲበዛ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ስፋቱን የሚነግረን የኤፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.4 ከኤፍ 2 እጥፍ፣ ከኤፍ 2.8 ደግሞ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

ጥቅሙን ለማየት ፒያሳ ካሉት የቆዩ ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ማለት ይበቃል። ውስጡ ጠቆር ያለ ነው። ብርሃኑ የሚገባው በበሩና በመስኮቱ በኩል ብቻ ነው። ማኪያቶ የሚሠራው ልጅ እጁ አያርፍም። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 800 ላይ አድርጋችሁ በኤፍ 4 ብታነሱት 1/30 ሰከንድ ያስፈልጋችኋል እንበል። እጁ ደብዝዞ ይወጣል። በዚያው ብርሃን ሌንሱን እስከ ኤፍ 1.4 ብትከፍቱት ግን 1/250 ሰከንድ ታገኛላችሁ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ።

እስከዚህ ድረስ ለየትኛውም ካሜራ ይሠራል። ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ርቀት እየለካ ፎከስ የሚደረግበት ካሜራ ላይ ነገሩ የሚለወጠው ካሜራው በሌንሱ በኩል ስለማያይ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? አንድ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙና መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ዓይናችሁ ብቻ እዩት። ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ጣቱን ስታርቁት ዝላዩ ያንሳል። ሬንጅፋይንደር ርቀት የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው። ፊቱ ላይ የተራራቁ ሁለት መስኮቶች አሉት። የሁለቱ ምስል በዓይናችን የምናይበት ቪውፋይንደር መሃል ባለች ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን ውስጥ ይደራረባል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ የሌንሱ ጀርባ ካሜራው ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ክንድ ይገፋል። ክንዷ ደግሞ አንደኛውን ምስል ታንቀሳቅሳለች። ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ፎከስ ሆነ ማለት ነው።

ቢያንስ ካሜራው እንደዚያ ያምናል። የለካው ርቀቱን እንጂ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያረፈውን ምስል አይደለም። በመሃል ያለው ብረት ብረትን መግፋቱ ብቻ ነው። ክንዷ በጥቂቱ ብትዛነፍ ወይም ሌንሱ በትክክል ካልተስተካከለ፣ ቪውፋይንደሩ ውስጥ የስህተቱን ምልክት አታዩም። ኤፍ 1.4 ሆነ ኤፍ 16፣ እሱ ሁልጊዜ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።

በፊልም ጊዜ ትንሽ መዛነፍ ይታለፍ ነበር። ፊልም ውፍረት አለው፣ ፍጹም ለጥ ብሎም አይተኛም። ፎቶውም አብዛኛውን ጊዜ በትንሹ ነበር የሚታጠበው። ዲጂታል ግን አይምርም። የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ኤፕሰን አር-ዲ1 እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። የጀርመኑ ላይካ ኩባንያ ኤም 8 በ2006፣ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር (የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም የሚያህል) ያለው ኤም 9 በ2009 ተከተሉ። የዛሬው ኤም 11 60 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ማንም ሰው ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጉልቶ የዓይን ሽፋሽፍት ይቆጥራል። ስለዚህ ለዓመታት “ምንም አይልም” ሲባል የኖረ ሌንስ ዲጂታል ላይ ሲታሰር ጉዱ ይወጣል።

አሁን ወደ ቡና ቤቱ እንመለስና አንድ ፎቶ ቀረብ ብለን እንሥራ። መስኮቱ አጠገብ ባርኔጣ ያደረጉ፣ መነጽር ያላቸው አዛውንት ጋዜጣ ያነባሉ። “አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?” ብላችሁ ፈቀዱላችሁ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 1.4፣ ርቀቱ 1 ሜትር። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት ወደ ኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ለሁለት ስትካፈሉት ከዓይናቸው ወዲህ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወዲያም አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል።

እዚህ ላይ መነጽሩ ወጥመድ ነው። ጥቁሩ ፍሬም ጉልህ መስመር ስላለው ሁለቱን ምስሎች እሱ ላይ ማጋጠም ይቀናል። ግን ፍሬሙ ከዓይናቸው ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። እሱ ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ዓይናቸው የጥራቱ ጠርዝ ላይ ይወድቃል ወይም ጭራሽ ያመልጣል። ይልቅ የመስኮቱን ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ ፈልጉት። አንዲት ነጭ ነጥብ ናት። ፎከስ ካልሆነ ሁለት ትሆናለች፣ ሲሆን አንድ። በደብዛዛ ብርሃን ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። በሴቶች ላይ የወርቅ ጉትቻም ያብለጨልጫል፤ ግን ጆሮ ከዓይን ወደ ኋላ ስለሆነ በዚህ ርቀት አይሆንም።

ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ እያመላለሳችሁ አታሹት። ከሩቁ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ቅርብ አምጡትና ሁለቱ ምስሎች እንደገጠሙ አቁሙ። ካመለጣችሁ እንደገና ከሩቅ ጀምሩ። በጣም ቅርብ ስትሆኑ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። ሌንሱን 1 ሜትር ላይ አስቀምጡና እጃችሁን ከቀለበቱ አንሱ። ከዚያ ሰውነታችሁን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ነጥቧ አንድ ስትሆን ተጫኑ። ቆመው ሲያነሱ ሰውነት ሳይታወቀን ይወዛወዛል። ስለዚህ ውዝዋዜውን ራሱን መጠቀም ከሱ ጋር ከመታገል ይሻላል።

ሌላው ችግር ፎከስ የሚደረገው በመሃል ብቻ መሆኑ ነው። አባባን ወደ ፍሬሙ ዳር ለማድረግ ካሜራውን 15 ዲግሪ ያህል አዞራችሁት እንበል። ጥርት የሚለው ቦታ ቀጥ ያለ ገጽ ስለሆነ አብሮ ይዞራል። በ1 ሜትር ርቀት ከዓይናቸው ኋላ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። ያላችሁ ጠቅላላ ጥራት 3 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አለቀ። ሰው ሌንሱ ተበላሸ ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ካዞራችሁ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ፣ ወይም ኤፍ 4 ላይ ሆናችሁ አንሱ፣ ወይም አባባን መሃል ተዉአቸው። እኔ መሃል መተውን እመርጣለሁ፤ ፊት መሃል ሲሆን ምን ችግር አለው?

ከቤት ስትወጡ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው መስመር ነው። ሁለቱ ምስሎች የሚራራቁት ወደ ጎን ስለሆነ አግድም መስመር ምንም አይነግራችሁም። ጊዮርጊስ በር ላይ የቆሙ እናት የነጠላቸው ጥለት አግድም ከወደቀ፣ ካሜራውን አጋድማችሁ ፎከስ አድርጉና መልሱት። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። ግንባታ የታጠረበት ቆርቆሮ ተመሳሳይ ቋሚ መስመር ደርድሮ ስለያዘ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ይገጥምና ፎከስ የሆነ ይመስላል። ቆርቆሮውን ተዉትና የተደገፈውን ሰው ኮሌታ ያዙ።

ሌንስ መምረጥ ላይ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚጓጓው ለትንሹ ቁጥር ነው። የላይካ ኖክቲሉክስ 50 ሚሊ ሜትር እ.ኤ.አ. በ1966 በኤፍ 1.2 ተጀምሮ በ2008 ኤፍ 0.95 ደረሰ። የሚሰጠው ምስል ልብ ይሰርቃል፤ ይህን አልክድም። ግን ክብደቱ 700 ግራም ነው፣ ስፋቱ የቪውፋይንደሩን ጥግ ይጋርዳል፣ በ1 ሜትር የሚሰጠው ጥልቀትም፣ ማለትም ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አንድ ሌንስ ብቻ የማስመጣት ዕድል ካላችሁ በሱ አታጥፉት።

የኔ ምርጫ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ነው። በተመሳሳይ ርቀትና በተመሳሳይ ኤፍ ቁጥር ከ50 ሚሊ ሜትሩ እጥፍ ጥልቀት ይሰጣል፣ በ1 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። በጠባቡ ቡና ቤት ውስጥም ሰውየውን ከነጠረጴዛው ያስገባል። ቮይግትላንደር ኖክተን የሚባሉት ሌንሶች ከላይካ በብዙ ይረክሳሉ፣ ሥራቸውም ጥሩ ነው። 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ደግሞ ቁጥሩ ገር ቢመስልም አታላይ ነው። በ1 ሜትር የሚሰጠው ጥልቀት ከኤፍ 0.95 ኖክቲሉክስ እንኳ ያነሰ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ ነው።

ካሜራችሁም ይወስናል። ኤም 8 እና ኤም 9 ከአይኤስኦ 2500 በላይ አይወጡም፤ ሲመሽ ኤፍ 1.4 በእርግጥ ያስፈልጋቸዋል። ኤም 10 ወይም ኤም 11 የያዘ ሰው ግን አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ሱሚክሮን በሚባለው የላይካ ኤፍ 2 ሌንስ ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። 50 ሚሊ ሜትሩ ሱሚክሮን 240 ግራም ያህል ነው፤ ኪስ ይገባል። ቀን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 160 በኤፍ 1.4 1/20000 ሰከንድ ያህል ይጠይቃል፤ የኤም 9 ሹተር ከ1/4000 አያልፍም። ብርሃኑን ስምንት ጊዜ የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ከሌላችሁ ቀዳዳውን ማጥበብ ግድ ነው።

ማጥበብ ሲባል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አንዳንድ ፈጣን ሌንስ ቀዳዳውን ስታጠቡት ጥራቱ የሚያርፍበት ቦታ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፎከስ ሺፍት ይሉታል። ምክንያቱ በሌንሱ ጠርዝ የሚያልፈው ብርሃንና በመሃሉ የሚያልፈው አንድ ቦታ ላይ አለመገናኘታቸው ነው። በዚህ የታወቀው የዛይስ ሲ ሶናር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.5 ነው። ሙሉ ሲከፈት እንዲመታ ከተስተካከለ ኤፍ 2.8 አካባቢ ወደ ኋላ ይስታል። ለኤፍ 2.8 ከተስተካከለ ደግሞ ሲከፈት ወደ ፊት ይስታል። የፎቶው ለዛ የሚመጣውም ከዚሁ ባሕርይ ስለሆነ ብዙዎች አውቀው ይገዙታል። ሱሚሉክስ የሚባለው የላይካ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስም እ.ኤ.አ. በ2010 ተሻሽሎ እስኪወጣ ድረስ ይህ ነበረበት። ሬንጅፋይንደሩ በሌንሱ ስለማያይ ሽሽቱን ሊነግራችሁ አይችልም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ካልሆነም በገዛችሁ ማግስት፣ ሌንሱን ከራሳችሁ ካሜራ ጋር ፈትኑት። ሰባት ወይም ዘጠኝ ስኒ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደርድሩ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እየሆነ። ካሜራውን 1 ሜትር ርቀት ላይ የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስቀምጡ። የመሃሉ ስኒ ጠርዝ ላይ ፎከስ አድርጉና በኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4 እና 5.6 አንሱ። በየመሃሉ ቀለበቱን ወደ ሩቅ መልሳችሁ እንደገና ፎከስ አድርጉ፤ አለዚያ የፈተናችሁት የእጃችሁን አንድ ስህተት ይሆናል። በሁሉም ሌንሶቻችሁ ፎከሱ ወደ አንድ ወገን ከሳተ ጥፋቱ የካሜራው ነው። አንዱ ሌንስ ብቻ በሁሉም ቁጥር ከሳተ የሌንሱ ነው። ሲከፈት መትቶ ኤፍ 2.8 ላይ ከሸሸ ፎከስ ሺፍት ነው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሆነ ዓይናችሁን አስመርምሩ። የላይካ ቪውፋይንደር ላይ የሚታሰር የዓይን ማስተካከያ መስታወት አለ፣ ምስሉን 1.25 ወይም 1.4 ጊዜ የሚያጎላም አለ፤ ለ50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ብዙ ይረዳል።

የካሜራውን ክንድ ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አትንኩት። የቻይናው ሰቨን አርቲዛንስ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.1 ሌንስ ግን ባለቤቱ ራሱ ትንንሽ ብሎኖቹን ፈትቶ ከካሜራው ጋር እንዲያስማማው ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ስኒዎቹን ከቦታቸው ሳታንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ እንደገና ማንሳት ትችላላችሁ። ካሜራችሁ ላይቭ ቪው (ሴንሰሩ የሚያየውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ) ካለው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2012 ከተዋወቀው ላይካ ኤም ወዲህ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ በሬንጅፋይንደሩ ካነሳችሁት ጎን አስቀምጡት። ልዩነቱ ስንት ስኒ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።