«ዌብሳይታችን ላይ አለ እኮ!»፦ የባህል ቅርስ ዳታን ስለመክፈት የሚነገሩ ስህተቶች

«ስብስባችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ሙዚየም ወይም ቤተ መዛግብት ገጹ ሲጎበኝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያው ነው፦ 800 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል፣ መሐሉ ላይ የተቋሙ ማኅተም፣ ግርጌው ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው»። ይህ በሩን ቆልፎ በመስኮት ማሳየት ነው።

«ዌብሳይት ላይ ካለ ክፍት ነው»

አይደለም። ማየት ሌላ፣ ሠርቶ መጠቀም ሌላ። የጨርቅ ንድፍ የሚያወጣ ወይም ጌም የሚሠራ ሰው የሚቆርጠውና የሚያሳድገው ፋይል ይፈልጋል። ጥራት ያለው ኅትመት በኢንች 300 ፒክስል ይጠይቃል፤ 800 ፒክስል በዚህ ልክ ሲታተም 6.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቴምብር ትንሽ ከፍ ያለ። ኤ4 ገጽ በቁመቱ 3508፣ ኤ2 ፖስተር 7016 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ ዋናው የቲፍ ፋይል (ጥራቱ ሳይቀነስ የሚቀመጠው ትልቁ የምስል ፋይል) በማኅደር ይቀመጥና ከእሱ የወጣ ባለ ሙሉ መጠን ጄፔግ (ቀለል ያለው የተለመደ የምስል ፋይል) ለማውረድ ይቅረብ። የቀለም ፕሮፋይሉም፣ ማለትም ቀለሙ እንዴት መታየት እንዳለበት ለስክሪኑ የሚነግረው መረጃ፣ ፋይሉ ውስጥ ይግባ፤ ካልገባ አንዱ ስክሪን ላይ ቀይ የሆነው ሌላው ላይ ቡናማ ይሆናል።

የምስሉ አጠቃቀም ፈቃድ «ስለ እኛ» ገጽ ውስጥ የሚቀበር ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ መዝገብ ላይ፣ ራሱን በቻለ ዐምድ፣ ከነሊንኩ ይጻፍ። «ለትምህርት ሊፈቀድ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገርን ኮምፒውተር አያጣራውም፤ ሰውም ፈርቶ ይተወዋል።

ከዚያ ስለ ዕቃው የሚጻፈው ገለጻ አለ። «18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ» የሚለው እንዳለ ሆኖ 1700 እና 1730 የሚሉ ሁለት የቁጥር ዐምዶች ካልተጨመሩ ስብስቡን በዘመን መደርደር አይቻልም። ሙሉው ሰንጠረዥ በሲኤስቪ ፋይል (ማንኛውም ፕሮግራም በሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) በአንድ ጊዜ ይውረድ፤ 40,000 ገጽ አንድ በአንድ የሚጫን የለም። ፋይሉ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚይዘው የፊደል አጻጻፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ካልተቀመጠ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤክሴል ከፍቶ ማስቀመጥም አደጋ አለው፦ 12-5 የሚል የመዝገብ ቁጥር ወደ ቀን ይለወጥና ዕቃው ከምስሉ ጋር ይተላለፋል።

«ፎቶውን ያነሳነው እኛ ነን፤ መብቱም የእኛ ነው»

የሥዕሉ የቅጂ መብት ጊዜ ካለፈ፣ ጠፍጣፋውን ሥዕል እንዳለ መገልበጥ አዲስ መብት አይወልድም። በ1999 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በምስል አቅራቢው ብሪጅማን እና በሶፍትዌር ኩባንያው ኮረል ክርክር ይህንኑ ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 እ.ኤ.አ. የቅጂ መብት መመሪያው አንቀጽ 14 አስፍሮታል። የሐውልት ፎቶ ግን ይለያል፤ ማዕዘንና ብርሃን የመረጠው አንሺው ነውና።

«ከከፈትነው ይበላሽብናል»

የሚበላሸው ሲዘጋ ነው። የደች ሠዓሊው የቬርሜር «ወተት ቀጂዋ» ሥዕል ከ10,000 በላይ ቀለማቸው ወደ ብጫ ያደላ መጥፎ ቅጂዎች በኢንተርኔት ላይ ተሰራጭተው ነበር። ሥዕሉ ያለበት የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ትክክለኛውን ቀለም የያዘ ፖስት ካርድ ሲሸጥ ጎብኚዎች «ይሄ ዋናውን አይመስልም» እያሉ ይጠራጠሩ ነበር። መድኃኒቱ ጥሩውን ምስል ከነሙሉ ገለጻው መልቀቅ ሆነ።

«ለንግድ አይሁን ማለት ይበቃል»

አይበቃም፤ ይጎዳል። ይህ ገደብ ያለበትን ምስል ዊኪፒዲያ አይቀበልም፣ መማሪያ መጽሐፍ የሚሸጥ አሳታሚም አይነካውም።

«ገቢያችን ይቀራል»

የሚሰላው ከምስል ክፍያ የገባው ብር ብቻ አይደለም። ደብዳቤ የሚመልሰው፣ ውል የሚያዘጋጀው፣ ክፍያ የሚከታተለው ሠራተኛ ደመወዝ ይቀነስ፤ የተረፈውን ያኔ እናያለን። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 375,000 ምስሎች፣ የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 2.8 ሚሊዮን ምስሎች በሲሲ ዜሮ፣ ማለትም መብትን ሙሉ በሙሉ በሚተው ፈቃድ፣ ሲለቁ ለንግድም እንዲውሉ ፈቅደው ነው።

«መክፈት ማለት ሁሉንም መልቀቅ ነው»

ይህ ደግሞ የክፍትነት አፍቃሪዎች ስህተት ነው። አንድ ማኅበረሰብ ለባዕድ ዓይን የማያሳየው ንዋየ ቅድሳት፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚታወቁበት ፎቶ፣ ዘራፊን የሚመራ የቁፋሮ ቦታ ካርታ ይዘጋ። መዝገቡ ሲወጣ የቦታው መጋጠሚያ ቁጥር (በካርታ ላይ ቦታውን የሚጠቁመው) ይሰረዝ፤ ምስሉ ያልተለቀቀበት ምክንያትና ጥያቄ የሚቀርብለት አካል ግን በዚያው ዕቃ ገጽ ላይ ይጻፍ።