የሕፃናትን ትምህርት በማኅበረ ባህላዊ ዓይን መመዘን፦ ከሐረር አንጻር

ማኅበረ ባህላዊ ምዘና፣ የአጸደ ሕፃናት ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ ከመቁጠር ይልቅ ከማን ጋር፣ በምን ዕቃና በየትኛው ቋንቋ ምን መሥራት እንደቻለ የሚከታተል የምዘና መንገድ ነው። ካርድ በተሰጠ ቁጥር «ስንተኛ ወጣ?» ለሚል ወላጅ ነገሩ እንግዳ ይመስላል። ለሐረር ግን ስሙ እንጂ ግብሩ አዲስ አይደለም።

በጀጎል ልጃገረዶች የሣር ስፌት ይማሩበት የነበረው ቤት «ሞያ ጋር» ይባላል። «ጋር» በሐረሪኛ ቤት ነው፤ «ሞያ» ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያሻውም። ልጆቹ እጇ በተመሰከረላት ሴት ቤት ተሰብስበው አብረው ይሰፉ ነበር፤ የጓደኛን እጅ አይቶ መቅዳት እዚያ ኩረጃ አይባልም ነበር። የላላው ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ ነበር። ለብቻው የተቆረጠ የፈተና ቀን አልነበረም፤ ያማረው ስፌት የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በቁርኣን ቤትና በቄስ ትምህርት ቤትም ልጅ እንደየፍጥነቱ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያነባል፣ ታላላቆቹም ታናናሾቹን ያስቀጽላሉ። (አለንጋውን ግን ማንም አይናፍቀው።)

የአተያዩ መነሻ ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) ነው። ባቀረበው ምሳሌ፣ ሁለት የ10 ዓመት ልጆች ብቻቸውን ሲፈተኑ ሁለቱም የ8 ዓመት ልጅ ያህል ይሠራሉ። ሰው ትንሽ ሲረዳቸው ግን አንዱ የ12፣ ሌላው የ9 ዓመት ልጅ የሚሠራውን ይሠራል። ታዲያ እኩል ናቸው ይባላል? ልጅ ብቻውን በሚችለውና ሰው ሲረዳው በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት «የቅርብ ዕድገት ቀጣና» አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባርባራ ሮጎፍ ደግሞ መማርን በማኅበረሰብ ሥራ ውስጥ እየተሳተፉ መለወጥ አድርጋ ታየዋለች፤ ሞያ ጋርን ላሰበ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም።

ይህን ምዘና በተግባር በማዋል በሰፊው የታወቀችው ኒውዚላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕፃናት ሥርዓተ ትምህርቷ «ቴ ፋሪኪ» ይባላል፤ በማኦሪ ቋንቋ የተሸመነ ምንጣፍ ማለት ነው። ስፌት ከሚያውቅ ከተማ ጋር በምሳሌም የሚግባባ ይመስላል። የትምህርት ተመራማሪዋ ማርጋሬት ካር ያስፋፋችው «የመማር ታሪክ» የተባለ ዘዴም ከዚያው የመጣ ነው፦ መምህሯ ልጁ ፍላጎት ያሳየበትን፣ ከብዶት ሳይተው የታገለበትን ወይም ለሌላው ያስረዳበትን አንድ አጋጣሚ በአጭሩ ትጽፋለች፣ ፎቶ ትጨምራለች፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ትጠቁማለች።

ሐረር ውስጥ ቋንቋው ራሱ ምዘናውን ያዛባል። በከተማዋ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ይሰማሉ። እናቷ ገበያ የምትነግድ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እናስብ፤ የሽንኩርቱን መደብ በኦሮምኛ ቆጥራ መልስ ትመልሳለች፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቁጥር በእንግሊዝኛ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። የወረቀቱ ፈተና «መቁጠር አትችልም» ብሎ ይመዘግባታል። ስህተቱ የልጅቱ አይደለም።

በአገር ደረጃ የ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው ዜሮ ክፍልና የ«ልጅ ለልጅ» መርሐ ግብር ተስፋፍተዋል። ሁለተኛው ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈር ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት በመሆኑ ለዚህ ምዘና አመቺ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያግዝና እንዴት እንደሚያግዘው በዓይን ይታያል።

እንቅፋቱ ብዙ ነው። ተማሪ በበዛበት ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ ታሪክ መጻፍ አይቻልም፤ በወር አንድ ቢጻፍም ትልቅ ነገር ነው። ጮሌው ልጅ በየገጹ ሲነሳ ዝምተኛው ሊረሳ ይችላል፤ ስለዚህ መምህራን ተራ ይዘው የሚታዩ ልጆችን ስም አስቀድመው ይለያሉ። ፎቶ ማንሻ ከሌለ የልጁ ሥዕልና የተናገረው ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ ይበቃል። ማንበብ ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ መምህሯ ታሪኩን በቃል ትነግራለች፤ አያት «እሱማ ቤትም እንዲህ ያደርጋል» ብለው የሚጨምሩትንም እዚያው ደብተር ላይ ታሰፍረዋለች።